ባንዲራ የያዝኩበት ቅዳሜ

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ራሴ ከተመለጠ ቆይቷል፤ እሱን ተዉት። አፌ ያመለጠው ግን እዚሁ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ፣ እትዬ ቤት ቡና ላይ ነው። (እትዬ ስማቸው አይደለም። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ስለሚላቸው ባላቸው ሳይቀሩ የሚጠሯቸው እንደዚያ ነው።) አቦሉ ላይ ጨዋ ሆኜ አዳመጥኩ። ቶናው ላይ ጉሮሮዬን ጠረግ ጠረግ አደረግኩ። በረካው ላይ ግን ወሬው ወደ ኳስ ዞረና፣ በወጣትነቴ የቀበሌያችን ቡድን አሥር ቁጥር እንደነበርኩ፣ ግራ እግሬን ያዩ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ እንደሚያነሱኝ ዘረገፍኩት። ለእናንተ ምን እደብቃለሁ፤ አሥር ቁጥሩን ማሊያ በእጄ ይዤ አውቃለሁ፣ ባለቤቱ የታኬታውን ክር እስኪያስር ድረስ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ነገሩ እዚያ አልቀረም። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር መግቢያ፣ አገር ቤት ጳጉሜን ልትገባ ደፋ ቀና ስትል፣ እትዬ ዓርብ ማታ በሬን አንኳኩ። ልጃቸው በማግስቱ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ አለበት፤ መኪናው ጋራዥ ገብታለች፤ እሳቸው ደግሞ የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ ተረኛ ናቸው። «አንተ እንደሁ ኳሱን ታውቀዋለህ፤ አድርስልኝና አይተኸውም ትመጣለህ» አሉኝ። ሚስቴ ከጓዳ ሆና «ቅዳሜ ሣሩን አጭዳለሁ ብለህ አልነበረም እንዴ?» አለች። አልሰማኋትም። ኳስ ተጠርቶ ሣር የሚሰማ ጆሮ የማን ነው?

ቆይ፣ ሜዳው ከመድረሳችን በፊት ይህን ሊግ ላስተዋውቃችሁ፤ ካልሆነ የደረሰብኝ ነገር ክብደቱ አይገባችሁም። የአውስትራሊያ ኳስ ከላይ ሲታይ ኤ-ሊግ ነው፤ በ2005 ተጀመረ፣ በሩም ዝግ ነው፤ ከታች ያለ ክለብ ዋንጫ በላ ብሎ አይገባበትም። ከእሱ ሥር በ2013 የተጀመሩት፣ በየክፍለ ግዛቱ የሚካሄዱት ናሽናል ፕሪሚየር ሊግስ አሉ። እዚያ ያለ ተጫዋች ሳምንቱን ሚስማር ሲመታ ወይም ሕፃናት ሲያስተምር ይሰነብትና ለጨዋታው ጥቂት ብር ይቆረጥለታል። እኛ ባለንበት ቪክቶሪያ ደግሞ ከዚያ በታች ሁለት ቪክቶሪያን ፕሪሚየር ሊጎች፣ ከዚያ በታች ስቴት ሊግ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት እያለ ይወርዳል። የእትዬ ልጅ አራተኛው ላይ ነው። እዚያ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፤ እንዲያውም ተጫዋቹ ራሱ በየዓመቱ መመዝገቢያ ይከፍላል። በእኛ ጊዜ ለመሰለፍ ክፈሉ ብንባል ኖሮ እኔም አሥር ቁጥር በሆንኩ ነበር፤ አባቴ ሱቅ ነበረው።

ታዲያ ወደ ላይ መውጣት፣ ወደ ታች መውረድ የሚባለው ነገር ሰዉን እንዴት እንደሚያሳብደው! የሚወጣው ወጥቶ የትም ላይደርስ፣ የሚወርደውም ወርዶ እዚያው መናፈሻ ውስጥ ሊጫወት፣ ወራጅ ቀጠና ሲባል ጎልማሳ ሰው እንቅልፍ ያጣል። አንድ የተስፋ ቀዳዳ አለች፤ በ2014 የተጀመረው፣ ዛሬ አውስትራሊያ ካፕ የሚባለው ዋንጫ። በመቶ የሚቆጠሩ ክለቦች ከየሰፈሩ ይገቡበታል። በ2022 ሲድኒ ዩናይትድ 58፣ ክሮኤሽያውያን ስደተኞች ያቋቋሙት ክለብ፣ ከታችኛው ሊግ ተነስቶ ፍጻሜ ደረሰና በኤ-ሊጉ ማካርተር 2 ለ 0 ተሸነፈ። እትዬ ዘንድ ቡና ላይ ይህን ስተነትን ብትሰሙኝ እኔ ያሠለጠንኳቸው ይመስላችኋል።

መንገድ ላይ ለልጁ ስለ ክለቦቹ አወጋሁት፤ እሱ ጆሮው ላይ የሰካውን ነገር አላወለቀም። ሳውዝ ሜልበርን የግሪኮች፣ ሜልበርን ናይትስ የክሮኤሽያውያን፣ ፕሬስተን የመቄዶንያውያን፣ ግሪን ጋሊ የማልታ ሰዎች፣ ሲድኒ ያለው ማርኮኒ የጣልያኖች። ሰው ከመርከብ ይወርዳል፣ ሥራ ይፈልጋል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሠራል፣ ከዚያ ኳስ ሜዳ። እድር ማለት ናቸው፤ ልዩነታቸው በረኛ ያላቸው መሆኑ ነው። በ1990ዎቹ የአገራችሁን ስም ከክለባችሁ አንሱ ተብለው ነበር፤ ስሙ ተነሳ፣ የግሪኮቹ ሽማግሌዎች ግን እስከ ዛሬ «ሄላስ» ማለታቸውን አልተዉም። ያ ታላቁ የሃንጋሪ ፑሽካሽ ራሱ ሳውዝ ሜልበርንን አሠልጥኖ በ1991 የአገሪቱ ሻምፒዮን አድርጎታል። እንግሊዝኛው ደካማ ስለነበር የቡድኑ አምበል በመኪና እያመላለሰው በግሪክኛ ያስተረጉምለት ነበር። አምበሉ አንጅ ፖስቴኮግሉ ነው፤ በ2025 ቶተንሃምን የዩሮፓ ሊግ ዋንጫ ያስበላው። አያችሁ ሾፌርነት የት እንደሚያደርስ? እኔም መሪውን ጨብጬ፣ ዝናቡን እየጠረግኩ፣ ይህችን ታሪክ በሆዴ ይዣታለሁ።

ሜዳው የማዘጋጃ ቤቱ መናፈሻ ነው። ባለሜዳዎቹ ከባልካን የመጡ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች፤ አጥሩ ላይ የተደገፉ ሽማግሌዎች፣ ጥብስ የሚያጨስ መስኮት፣ ጭቃ። እኔ ቡና ገዝቼ ጥግ ልይዝ ስል የእኛ አሠልጣኝ (በሥራ ቀን ቧንቧ ሠራተኛ ነው) እየሮጠ መጣ። በዚህ ደረጃ መሐል ዳኛ ብቻ ነው የሚላከው፤ የመሥመር ዳኛ እያንዳንዱ ክለብ ከራሱ ሰው ያዋጣል። የእኛው ሰውዬ ወገቡን ይዞት ቀርቷል። አሠልጣኙ ልጁን «ይኼ ሰውዬ ኳስ ያውቃል?» አለው። ልጁ ያን ጊዜ ጆሮው ላይ የሰካውን አወለቀ። «አሥር ቁጥር ነበሩ» አለ።

ቢጫ ባንዲራ እጄ ገባ። ዳኛው፣ ፊቱ ላይ ጢም ገና ሊወጣ የሚያመነታ ልጅ፣ ትእዛዙን ባጭሩ ሰጠኝ፤ ኳስ ከወጣ አንሳ፣ ኦፍሳይድ ከሆነ አንሳ፣ ካልሆነ ወደ ታች ያዝ። ጃንጥላ አይፈቀድም አለ። ቡናዬንም አስቀመጠኝ። ኦፍሳይድን በተመለከተ እኛ ሰፈር ሕጉ አጭር ነበር፤ በረኛው ከጮኸ ነው፣ ካልጮኸ አይደለም።

የመጀመሪያው አጋማሽ ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ማለፊያ ነበር። ኳስ ስትወጣ አነሳለሁ፣ ስትገባ አወርዳለሁ፤ አንዱ ሽማግሌ «ብራቮ!» ሲለኝ በመሥመሩ ላይ ጎኔን ሰጥቼ እንደ ቴሌቪዥኖቹ መንሸራተት ሁሉ ጀመርኩ። አንዴ ጭቃው ወስዶኝ በአንድ ጉልበቴ ተንበረከክኩ፤ ጫማዬን የማስር መስዬ አለፍኩት። ጫማዬ ክር የሌለው ነበር።

ከእረፍት መልስ የእኛ ልጆች ወደ እኔ ወገን ማጥቃት ጀመሩ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ እኛ ካሸነፍን እንተርፋለን፣ እነሱ ይወርዳሉ። አቻ ከሆነ እኛ እንወርዳለን። ጨዋታው 1 ለ 1 ነው። እኔ ከምሮጥበት መሥመር አጠገብ ደግሞ አንድ ግዙፍ ባሕር ዛፍ ቆሟል። ባሕር ዛፍ ሳይ ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል፤ አዲስ አበባ በምኒልክ ዘመን የለበሰችው ዛፍ አገሩ እዚህ ነውና የአገሬ ሰው ያገኘሁ ያህል ነው። ዘሩን ያስመጡት ሰዎች ግን ውለታ ውለውልናል፤ ማግፓዩን ትተውት ነው የመጡት።

ማግፓይ ለማታውቁ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ቁራ የሚያህል፣ ድምፁ የሚያምር ወፍ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጨዋ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግን ጎጆው ውስጥ እንቁላል ይኖራል፤ ያን ጊዜ ወንዱ ጥበቃ ይቆምና ያልወደደውን ሰው ከኋላ እየተወረወረ ይመታል። ብስክሌት ነጂዎች የራስ ቁራቸው ላይ እንደ ጃርት እሾህ የፕላስቲክ ማሰሪያ የሚተክሉት ለእሱ ብለው ነው። ፊትም ለይቶ ያስታውሳል ይባላል። እኔን በምን እንዳስታወሰኝ እንጃ፤ ምናልባት ከላይ ሲያየኝ የሚያበራ ነገር ታይቶት ይሆናል።

ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው አማካያችን ኳሷን በተከላካዮቹ መሐል ሰነጠቃት። የእትዬ ልጅ ከኋላ ተነሳ፤ ምን ኦፍሳይድ አለ፣ ተከላካዩ ገና ከፊቱ ነበር፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። በዚያችው ቅጽበት መላጣዬ ላይ አንድ ነገር ጧ! አለ። ክንፍ፣ ንፋስ፣ ምንቃር። እጄን አነሳሁ። እጄ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ። አንዴ ብቻ ባነሳው ደግ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ሰልፍ ቀን ከራሴ በላይ አውለበለብኩት፣ «እሽ! እሽ!» እያልኩ። ፊሽካው ተነፋ። ልጁ ኳሷን በበረኛው እግር ሥር አሳልፎ መረብ ውስጥ ከተታት፣ ማሊያውን አውልቆ ወደ አጥሩ ሮጠ፤ ዘወር ሲል ዳኛው እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ ቆሟል።

ሁሉም ወደ እኔ ተመለከተ። ወፉ ሥራውን ጨርሶ ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጧል። አሠልጣኙ በጭቃው ውስጥ እየተንቦጫረቀ መጣና ስለ እናቴ አንድ ነገር ተናገረ፤ አልተቀየምኩም፣ አያውቃትም። ለዳኛው «ወፍ ነው! ወፍ ነው!» አልኩት፤ በእንግሊዝኛ ልናገረው የሚገባኝን በአማርኛ ነበር የምጮኸው። በመጨረሻ ተረዳኝ፤ ባሕር ዛፉን አየ፣ ራሴን አየ፣ ከንፈሩን ነከሰ፤ ግን ጎሉ ሳይገባ ፊሽካ ተነፍቷል፣ አበቃ አለ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፣ ማሊያ ለማውለቁ ልጁን ሊያስጠነቅቀው ካርዱን አወጣ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ያለው ማን ነበር?

አቻ ወጥተን ወረድን። እኛ ስንተክዝ ባለሜዳዎቹ ተቃቀፉ፣ ዘፈኑ፤ ከዚያም እየዘፈኑ ወደ እኔ መጡ። «ብራቮ» ያለኝ ሽማግሌ አገጬን ይዞ ሁለት ጉንጬን ሳመኝና ወደሚጨሰው መስኮት ወሰደኝ። ቼቫፒ የሚሉት፣ ጣት የሚያካክል ጥብስ፣ ከቂጣና ከሽንኩርት ጋር ሞልቶ አስጨበጠኝ። የእኛ ሰዎች እያዩኝ ነው። የጠላትን ጉርሻ በአደባባይ መዋጥ ምን እንደሚያህል ልነግራችሁ አልችልም፤ ደግሞ ይጣፍጣል። ቀስ ብዬ «የምን ሥጋ ነው?» አልኩት፤ የአሳማ እንዳይሆን ፈርቼ። ሽማግሌው ደረቱን መታና «ጥሩ ሥጋ!» አለኝ። ሁለተኛ ጊዜ ጠየቅኩት። «በጣም ጥሩ ሥጋ!»

ስንመለስ ልጁ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ በራሴ ላይ የተለጠፈችውን ፕላስተር በመስታወቱ አንዳንዴ ያያታል። ስልኩ ጮኸ፤ እትዬ ናቸው፣ ድምፃቸው መኪናውን ሞላው። «እንዴት ዋላችሁ? ጋሼ አበረታታህ?»

«ጋሼ ባንዲራ አነሱ» አለ ልጁ።

«እልልልል! የእኛን?»

ሁለታችንም ዝም አልን።

ይህ ሁሉ ሆኖ ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ባለሜዳዎቹ የዓመቱን መዝጊያ እራት ሲያዘጋጁ የክብር እንግዳ ብለው ጠሩኝ። አልሄድም ብዬ ነበር፤ ሚስቴ «ከወደዱህ ሰዎች ጋር ብትውል ምናለ፣ እዚህ ማን ያናግርሃል?» አለችኝና ሄድኩ። አዳራሹ ስገባ ሰዉ በሙሉ ተነስቶ ክርኑን እንደ ክንፍ እያርገበገበ ተቀበለኝ። እዚህ አገር ክለብ ገንዘብ የሚያሰባስብበት ሎተሪ አለ፤ ሽልማቱ ትሪ ሙሉ ጥሬ ሥጋ ነው። ሽማግሌው ቲኬት በግድ ገዛልኝ፤ ወጣልኝ። ቁርጡ፣ ጎድኑ፣ ቋሊማው በፕላስቲክ ተሸፍኖ ጭብጨባ በጭብጨባ ሆኖ እቅፌ ውስጥ ገባ። ቀኑ ዓርብ ነው፤ እኔ ደግሞ ማታውን ሙሉ ሰላጣ ስቆረጥም ነው ያመሸሁት።

ሚስቴ በሩን ከፈተች። ትሪውን አየች፣ ሰዓቱን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ፕላስቲኩን ገለጥ አድርጋ ወደ ቋሊማው ጎንበስ አለች።

«ይኼ ደግሞ የምንድን ነው?»

«የጥሩ ሥጋ ነው» አልኳት።