ስለ ቀላል ሃይኪንግ፦ ከገደል አፋፍ የቀረበ ጥናት

የአዲስ አበባን የእሑድ ተጓዥ የሚጠሩ ማስታወቂያዎች አካላቸው አንድ ነው። ከላይ የፏፏቴ ፎቶ፣ ከሥሩ ዋጋ፣ ከዋጋው ሥር ዋጋው የሚያካትተው ሁሉ፦ ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ ውሃ፣ ፎቶግራፈር። በመጨረሻ «የጉዞው ደረጃ፦ ቀላል» የምትል መስመር አለች። ዋጋው ይጨምራል፣ ፎቶግራፈሩ ይለዋወጣል፤ ደረጃው ግን ንቅንቅ አይልም። ዘመን በዚህ ሁሉ ሲናወጥ አንድ ነገር እንዲህ ጸንቶ ከቆመ ሊመረመር ይገባዋል። ይህ ጽሑፍ የቀላልነትን ባሕርይ በሰላሌ ምድር፣ በተለይም ደብረ ሊባኖስን ይዞ ወደ ጀማ ሸለቆ በሚወርደው ገደል ላይ፣ ለመመርመር የተደረገ ትሑት ሙከራ ነው።

የጥናቱ ዘዴ አብሮ መሄድ ነው። መጠይቅ ለማስሞላት ታስቦ ነበር፤ ሆኖም መልስ ሰጪዎቹ ሲወርዱ ይስቃሉ፣ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ስለዚህ የተገኘው መረጃ ሁለት ዓይነት ነው፦ ከስድስት ሰዓት በፊት የተሰበሰበውና የማይታመነው፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ የተሰበሰበውና አብዛኛው የእጅ ምልክት የሆነው።

መነሻ ሰዓቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት እንደሆነና የዘገየ ሰው እንደማይጠበቅ በጥብቅ ይነገራል። ቀድመው የደረሱት የዘገዩትን እየጠበቁ ስለዚሁ ጥብቅነት ይወያያሉ። ኮስተሩ ሲንቀሳቀስ ሙዚቃው ይከፈታል፣ መተላለፊያው ላይ እስክስታ ይጀመራል፤ ከቀኑ ጉልበት ጉልህ ድርሻ የሚወጣው እዚሁ፣ ገና ሱሉልታ ሳይደረስ ነው። ይህን ወጪ ማንም በደረጃው ስሌት ውስጥ አያስገባውም።

መኪናው እንጦጦን ሲሻገር ጥናቱ የመጀመሪያውን ታሪካዊ ማስረጃ ያገኛል። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተመሠረተች። ከተማዋ እንግዲህ የቁልቁለት ልጅ ናት፤ የነዋሪዎቿ ቁልቁለት መውደድም ዛሬ የመጣ ጠባይ አይደለም። ሁለተኛው ማስረጃ ከዚያው ተራራ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ናቸው። ባሕር ዛፉ ከአውስትራሊያ በምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ የከተማዋ ምድጃ በእነርሱ ጀርባ ላይ ቆይቷል። ጠዋት ባዶ እጃቸውን ዳገቱን ይወጣሉ፣ ሸክሙን ይዘው ቁልቁል ይወርዳሉ። ይህን ቅደም ተከተል አንባቢው በልቡ ይያዝልን። ተጓዦቹ ግን በመስኮት አይተው «ወይኔ፣ ሲያሳዝኑ!» ብለው አልፈዋል።

ጫንጮ ላይ ለወተትና ለእርጎ ይቆማል። ሰላሌ በወተቱ የታወቀ አገር ስለሆነ በዚህ ረገድ የሚጠና ነገር የለም፤ ተጠጥቷል።

ከሙከጡሪና ከደብረ ጽጌ በኋላም መሬቱ ሜዳ ነው። አስፋልቱ ደልዳላ፣ አድማሱ ክፍት፣ ፈረሶች ይግጣሉ፤ የገደል ምልክት የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ድንገት ምድር ያልቃል። ምክንያቱ ይታወቃል፦ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው እሳተ ገሞራ ረግቶ ይህን የጥቁር ድንጋይ ሜዳ ሠራ፤ ወደ ዓባይ የሚሮጡት ወንዞች ደግሞ ሜዳውን እስከ ታችኛው አሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ድረስ ሰንጥቀውት ጥልቀቱ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ሸለቆ ከፈቱ። (ያው የኖራ ድንጋይ ጎረቤት በሆነው በሙገር ሲሚንቶ ይሆንና አዲስ አበባ ይገባል። ተጓዡ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ በየማታው በእሱው ላይ ይወጣል፤ ያንን ግን ሃይኪንግ ብሎት አያውቅም፣ ደረጃ ያወጣለትም የለም።)

ከዚህ የመሬት አቀማመጥ የጥናቱ ዋና ግኝት ይመነጫል። ተራራ እጅ በእጅ ይሸጣል፤ መጀመሪያ ትደክማለህ፣ ከዚያ ታያለህ። የሰላሌ ገደል ግን የሚሸጠው በዱቤ ነው። ዕይታውን፣ ነፋሱን፣ ፎቶውን በጠዋት አስረክቦህ ሒሳቡን ከምሳ በኋላ ያመጣል። ደረጃውን ያወጣው ሰው አፋፉ ላይ ቆሞ፣ በጠዋቱ፣ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ስለነበር አልዋሸም። ከዚያ ቦታ ሲታይ በእውነት ቀላል ነው።

የቀኑ የመጀመሪያ ቅርስ «የፖርቱጋል ድልድይ» ነው። ከአፋፉ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ወንዙ ወደ ገደሉ ከመወርወሩ በፊት ተሠርቷል። ወደዚያ የሚደረገው ጉዞ አጭር ስለሆነ በዚህ ጥናት ውስጥ ደረጃው እውነት ሆኖ የተገኘ ብቸኛ ክፍል ነው። አስጎብኚው ድልድዩ በኖራና በሰጎን እንቁላል እንደተገነባ ይናገራል። በሰላሌ ብርድ ያን ያህል ሰጎን ከየት እንደተገኘ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ጭንቅላቱን ነቅንቋል። የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ድልድዩን ያሠሩት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ፣ የምኒልክ አጎትና የሰላሌ ገዥ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው ይላሉ። ፖርቱጋሎቹ በክሪስቶፎ ዳ ጋማ መሪነት የመጡት እ.ኤ.አ. በ1541 ነው፤ ኢየሱሳውያኑም በዐፄ ፋሲል ዘመን ተባረዋል። ከዚያ እስከ ድልድዩ ከ200 ዓመት በላይ አለ። ያም ሆኖ ራስ ዳርጌ ያሠሩት ድልድይ ባልሠሩት ሰዎች ስም ይጠራል። ጥናቱ ለዚህ ያገኘው ማብራሪያ አንድ ነው፦ ማስታወቂያ ላይ ፖርቱጋል ይሻላል። የአካባቢው ሰው ይህን ክርክር ከነጭራሹ ትቶት አህያውን ነድቶ ይሻገርበታል፤ ለዚያ ነውና የተሠራው።

ከድልድዩ ቁልቁል ያለው ዘመን የደስታ ዘመን ነው። ተጓዡ ስለ ቀላልነት በተጠየቀ ቁጥር የሚስማማው እዚህ ላይ ነው፤ «እንዲያውም ትንሽ ከበድ ያለ ብታደርጉት» የሚል አስተያየት የሚሰጥም አለ። ይህን የሚለው ሰው ሲመለስ እንዳይጠፋ ምልክት ተደርጎበታል።

እዚህ ጋ ጭላዳዎቹ ይገኛሉ። ጭላዳ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖር፣ ከዝንጀሮ ወገን ሆኖ እንደ በግ ሣር የሚግጥ ፍጡር ነው። ሲግጥም ብዙ ጊዜ አይነሳም፤ ተቀምጦ እየተንፏቀቀ ነው። (ይህን አካሄድ ቁልቁለቱ ሲጠና በርካታ ተጓዦች ወርሰውታል።) ለጥናታችን ዋናው ነገር ግን የቀን ውሎው ነው። ጭላዳ ሌሊቱን ከአውሬ ሸሽቶ ገደሉ ላይ ያድራል፤ ጠዋት በብርዱ ወደ አፋፉ ይወጣል፣ ሲግጥ ይውላል፣ ሲመሽ ወደ ማደሪያው ይወርዳል። ዳገት በጠዋት፣ ቁልቁለት በማታ። የቆላው ገበሬም ገበያ ሲሆን እንዲሁ ነው፦ እህሉን በአህያ ጭኖ ገና ሳይነጋ ዳገቱን ይጀምራል፣ ፀሐይ ሳይበረታ ደጋው ላይ ይደርሳል፣ ሸጦ ለውጦ ከሰዓት በኋላ ቁልቁል ይወርዳል። የእንጦጦዎቹን ሴቶች እንደያዛችሁልን ተስፋ እናደርጋለን። ገደሉን የሚያውቅ ፍጡር ሁሉ፣ ባለ ሁለት እግርም ይሁን ባለ አራት፣ ዕዳውን በጠዋት ይከፍላል። በዚያ ሸለቆ ውስጥ ጠዋት ወርዶ ቀትር ላይ የሚወጣው ባለ ፎቶግራፈሩ ብቻ ነው።

ይህ ሞኝነት እንዳይመስል፤ ምክንያቱ መሐንዲሳዊ ነው። ወደ ጎጃም የሚወስደው አስፋልት የተዘረጋው በሜዳው ላይ ነው፤ ኮስተር ደግሞ አስፋልት ባለበት ይቆማል። ጭላዳ መኪና የለውም።

ታች ከአንድ ኮንጎ ጫማ ካደረገ እረኛ ልጅ ጋር ተገናኘን። አንዲት ተጓዥ፣ የተራራ ጫማዋ ገና የሱቅ ጠረኑ ያልለቀቀው፣ «የኔ ጌታ፣ ወደ ላይ ለመውጣት ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ ጫማዋን አየ፣ ፊቷን አየ፣ ወደ ጓደኛው ዞሮ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለው፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ በትሕትና «ቅርብ ነው» አላት። ይህ እስከዚያች ሰዓት ከተሰበሰቡት መረጃዎች ሁሉ የላቀው ሲሆን፣ ዋናው ክፍል በኦሮምኛ በመነገሩ አልተመዘገበም።

ዳገቱን በተመለከተ ጥናቱ የሚለው ጥቂት ነው፤ አጥኚውም ተጓዥ ነበርና። ሙዚቃ የያዘው ስፒከር በመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ጠፍቷል፤ ባትሪው ነው ተብሏል። አንድ አዛውንት መቋሚያቸውን ይዘው ከኋላ ደርሰው፣ «አይዟችሁ ልጆቼ፣ በርቱ» ብለው አለፉን። «እሺ አባባ» ለማለት የበቃ ሰው ሲገኝ እርሳቸው አይታዩም ነበር። «ከበድ ያለ ይሁን» ያለው ተጓዥም ምልክቱን ይዞ በአንድ አህያ ጀርባ ላይ ተገኝቷል።

ገዳሙ ለመጨረሻ ይቀመጣል። ደብረ ሊባኖስ በ13ኛው መቶ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተ ነው፤ ጻድቁ ሰባት ዓመት በአንድ እግር ቆመው እንደጸለዩ ይነገራል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ በግራዚያኒ ትእዛዝ የገዳሙ መነኮሳትና ምእመናን በጅምላ ተገድለዋል። በመርሐ ግብሩ ላይ ለምሳ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለዚህ ቦታ ሃያ ደቂቃ ተይዟል፤ በመዘግየታችን ከሃያው ተቀንሷል። ለክብረ በዓል በባዶ እግራቸው ከሩቅ የመጡ ምእመናን በዚያው ግቢ ጥላ ሥር ያርፋሉ። የጉዟቸውን ደረጃ ስንጠይቃቸው ጥያቄው አልገባቸውም።

ለማነጻጸር ያህል መናገሻ ሱባን እናንሳ። እዚያ ጫካው የሚጀምረው በአቀበት ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል፤ ይህ በ15ኛው መቶ ዘመን መሆኑ ነው። እዚያ የታዘብነው የተጓዦች ለዕፅዋት ሳይንስ ያላቸው ጥማት ነው። በየሃያ እርምጃው አንዱ ቆሞ «ይሄ ዝግባ ነው ወይስ ጽድ?» ይላል፣ ሁሉም ግንዱን ተደግፎ በጥሞና ያስባል። ኮሶ ሲታይ ደግሞ ስለ ጥቅሙ ረዘም ያለ ውይይት ይደረጋል። በሰላሌ ቁልቁለት ላይ አንድም ዛፍ ስሙ አልተጠየቀም ነበር።

በግኝቱ መሠረት አንድ የማሻሻያ ሐሳብ ለአዘጋጆቹ ቀርቧል፦ ተጓዡ ከዋዜማው ወርዶ ታች ይደር፣ ጠዋት እንደ ጭላዳው ይውጣ። ሐሳቡ ጥሩ ነው ተብሎ፣ አዳር ዋጋ እንደሚጨምር ተገልጾ ተዘግቷል። በምትኩ የረር ተራራን አቀረብን። መኪናው ከሥር ይቆማል፣ ዳገቱ በጠዋት ብርድ ያልቃል፣ ከሰዓት በኋላ ቁልቁለት ብቻ ነው፤ በዚህ ጥናት ስሌት ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። አዘጋጁ ትንሽ ካሰበ በኋላ «ከባድ» ከሚለው ሥር መዝግቦታል። የሰላሌ ገደል ጫፉ ላይ እስኪቆሙ ድረስ አይታይም፤ የረር ግን ከቦሌ መስኮት ሁሉ ይታያል።