የወጣ ዋጋ

መርካቶ ውስጥ የበዓል መቃረብን የሚያበስረው ቀን መቁጠሪያ ሳይሆን የሽንኩርት ዋጋ ነው። በተለይ መስከረም 1 ለሰፈሩ ድርብ ነው፤ እንቁጣጣሽም፣ የቅዱስ ራጉኤል ንግሥም። አንድ ዓመት ከንግሥ መልስ አንዲት እናት የዶሮ ዋጋ ጠይቀው ደነገጡ፤ «ልጄ፣ ትናንት እኮ እንዲህ አልነበረም!» ሻጩ ፈገግ እንኳ ሳይል፣ «እማማ፣ ትናንትማ አምና ነው» አላቸው። እውነቱን ነው፣ ምን ይሉታል? (ዶሮዋ ግን ያችው የአምናዋ ናት።)

የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤት በሆነው በታላቁ አንዋር መስጊድ ዒድ ሲደርስም ሽንኩርቱ አይቀርም። ሁሉንም በዓል እኩል ያከብራል፤ አድልዎ አያውቅም። በንግሡ ቀን የራጉኤል ታቦት በእልልታ ወጥቶ በእልልታ ወደ መንበሩ ይመለሳል። አብሮት የወጣው ዋጋ ግን እስካሁን አልገባም።