ሰማይ የሚፈልግ ሬዲዮ

አዲሱ ገበያ የአዲስ አበባ የጎጃም በር ነው። የሱሉልታና የፍቼ መንገደኛ በደጃችን ያልፋል፤ ወሬውም ሙዚቃውም አብሮት ያልፋል። አጎቴ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ሬዲዮ የሚያዳምጡት ሰው ሰብስበው ነበር። ለብቻ የተሰማ ዜና አይጥማቸውም።

የወርልድስፔስ መቀበያ የገዙትም ለዚሁ ነው። ኩባንያውን የመሠረቱት አዲስ አበባ የተወለዱት ኖህ ሳማራ ናቸው። ኤድስ አፍሪካን ሲፈጅ መረጃ ለሕዝቡ አለመድረሱ አንገብግቧቸው ነው ከሳተላይት በቀጥታ የሚደመጥ ሬዲዮ ያሰቡት። አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይት በጥቅምት 1991 ዓ.ም. መጠቀች። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር፤ እኔም እስከ ዛሬ እኮራበታለሁ።

ችግሩ ሰማዩ ነበር። አፍሪስታር የቆመችው ከምድር ወገብ በላይ በ21 ዲግሪ ምሥራቅ ስለነበር ከእኛ ግቢ ስትታሰብ ከአናት በላይ ሆና ወደ ምዕራብ ታዘነብል ነበር። ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ እሷን መያዝ አልነበረም። አንድ የፋሲካ ማግስት ቤቱ በዘመድ ሞልቶ፣ ቡና እየተቆላ፣ አንቴናዋን ይዘን ግቢውን ዞርን። አጥሩ ላይ ብናስቀምጣት ባሕር ዛፉ ጋረዳት። ኩሽናው ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ጋሼ ከታች ሆነው "ወደ ቀኝ! ኧረ ተወው፣ መልሳት!" ይላሉ። ድምፁ ጥርት ማለት ሲጀምር የእንጦጦ ነፋስ አንቴናዋን ገፍትሮ ቦይ ውስጥ ጣላት። ጠርገን አቆምናት። ከለንደን የሚናገር ሰው አጠገባችን የተቀመጠ ያህል ተሰማን፤ እንግዳው ሁሉ ዝም አለ። ከዚያ መብራት ጠፋ።

ያን ጊዜ የአክስቴ ልጅ ከኪሱ ኤምፒ ስሪ ማጫወቻውን አወጣ። ሰማይም መብራትም አይጠይቅም። ልጆቹ አንዱን ማዳመጫ ለሁለት እየተካፈሉ ጥግ ጥጉን ያዙ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የፈለጉትን ነው የሚያጫውትልዎት።"

"እሱስ ልክ ነህ። ያልጠየቅኸውን ግን አይነግርህም" አሉት።

በዓለምም ሰማይና ኪስ እንዲሁ ተፎካከሩ። 1,000 ዘፈን በኪስ ይያዛል የተባለለት አይፖድ በጥቅምት 1994 ዓ.ም. መጣ። አሜሪካ ውስጥ ሲሪየስና ኤክስኤም የተባሉት የሳተላይት ሬዲዮ ኩባንያዎች መቀበያቸው መኪና ላይ ተገጥሞ ስለተሸጠ፣ በየከተማውም ምልክቱን የሚያጠናክሩ የምድር ማሠራጫዎች ስለነበሯቸው፣ ተዋሕደው ተረፉ። የእኛው ሬዲዮ ግን በመስኮትና በጣሪያ ቀረ፤ በኋላም ክፍያ ታከለበት። ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ ዘፈን የሚጭን ሱቅ በዛ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ሳለ ድምፃዊው ከዚያ ሽያጭ የሚያገኘው አልነበረም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ወርልድስፔስ በጥቅምት 2001 ዓ.ም. የኪሳራ ከለላ ጠየቀ፤ በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. የጋሼ መቀበያ ዝም አለ።

ኪስ አሸነፈ፤ እኔ ግን የጋሼን ፍርድ ነው የምቀበለው። ልጆቻችሁ ስለ ስልክና ስለ ሙዚቃ ሲያወሩ እባካችሁ ይህንንም ንገሯቸው፦ አዲስ አበባ የተወለደ ሰው ለአፍሪካ የሬዲዮ ሳተላይት አስመጥቋል።