ይቀመጡ አባባ!

ጡረታ ለወጣ ሰው በዚህ አገር የተፈቀዱለት ሁለት ቦታዎች ናቸው፤ አንዱ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ሌላው ደጃፍ ላይ ያለች በርጩማ። ከእነዚህ ወጣ ብሎ ከተገኘ ወይ ታሟል፣ ወይ ከቤቱ ተጣልቷል፣ ወይ ስለት አለበት። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከለገሃር ተነስቼ አዳማ ድረስ በብስክሌት ሄድኩ። አልታመምኩም፣ ከማንም አልተጣላሁም፣ ስለትም የለብኝም። ይህንን ለሰው ለማስረዳት የፈጀሁት ጉልበት ግን ፔዳል ለመምታት ከፈጀሁት ይበልጣል። እናም ስሞታ አለኝ፤ አንዴ ጆሮ ስጡኝ።

ስሞታዬ ከሰፈር ይጀምራል። የልጅ ልጄ አዲስ የኮርስ ብስክሌት ሲገዛ አሮጌዋን ለእኔ አወረሰኝ፤ ድሮ ውርስ ከላይ ወደ ታች ነበር የሚሄደው፣ ይሁን። ብስክሌቷን ደጄ ላይ ያየ ጎረቤቴ ከንፈሩን መጥጦ “ካልጠገቡ አይዘሉም፣ ካልዘለሉ አይሰበሩም” አለኝ። የጡረታ አበሌን ልክ አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው እኔን ጠግቧል ሲል አይሰቀጥጠውም? የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ደግሞ ያንኑ የፈረደበትን “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ደገመችልኝ። እንቁላሉ በእግሩ ሄደ ተባለ እንጂ ብስክሌት ጋለበ የሚል አልሰማሁም። ሦስተኛው “ብስክሌት እኮ የልጅ መጫወቻ ነው ጋሼ” ብሎ ሳቀ። ይሄኛውን ዝም ብዬ አላለፍኩትም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው፤ ያኔ የተላኩት ሯጮች ብቻ አልነበሩም፣ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት ቀድመው ማለት ነው። ታዲያ ጃንሆይ እስከ አውስትራሊያ ድረስ የላኳቸው መጫወቻ ይዛችሁ ሂዱ ብለው ነው?

ቀጥሎ የልብስ ጣጣ መጣ። የብስክሌት ቁምጣ የሚሉት ነገር ሰውነት ላይ ተለጥፎ ምንም ምስጢር አያስቀርም፤ መቀመጫው ላይ ደግሞ ስፖንጅ ተሰፍቶበታል። ስፖንጁ መሆን የነበረበት ኮርቻው ላይ ነበር። ኮርቻው ግን ከእጅ መዳፍ ብዙም አይሰፋ፣ ከድንጋይም አይለሰልስ። ባለቤቴ አገላብጣ አየችውና “ሰፊ ሱሪ ካልደረብክበት በዚህ በር አትወጣም” አለች፤ ደረብኩ። የብስክሌተኞቹ ጫማ ደግሞ ፔዳሉ ላይ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል። ለመውረድ ተረከዝን ወደ ውጭ መጠምዘዝ ያስፈልጋል፤ የረሳ ሰው ቆሞ ሳለ ከነብስክሌቱ ይጋደማል። መብራት ላይ ሲጋደሙ አይቻለሁ። እኔ በሸራ ጫማዬ ሄድኩ።

ማርሹን ግን አልነቅፍም። የቱር ደ ፍራንስ መሥራች ሄንሪ ዴግራንዥ ማርሽ መቀያየር ከ45 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው እንጂ ለሌላው አይገባም ባይ ነበር፤ ውድድሩም እስከ 1937 እ.ኤ.አ. ማርሽ መቀየሪያውን ከልክሎ ኖሯል። እኔ 45ን ከተሰናበትኩ ቆየሁ፤ ስለዚህ ሙሉ ፈቃድ አለኝ። ሽቅቡን በትልቁ ማርሽ ጥርሳቸውን ነክሰው የሚታገሉትን ጎረምሶች ሳይ ግን የሰውየው መንፈስ ዛሬም እንዳልሞተ ይገባኛል።

ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከልጅ ልጄና ከጓደኞቹ ጋር ተነሳን። ለገሃርን ሳይ ሆዴ ተላወሰ፤ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የስንቱ ሰው የአዳማ መንገድ ከዚያ ግቢ ጀምሯል! እኔም በወጣትነቴ ይኸንኑ አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ የሚባለውን ሁሉ በሊቶሪና መስኮት አይቼዋለሁ፤ ተቀምጬ፣ ብርቱካን እየላጥኩ። አሁን በየተራ በጉልበቴ ልከፍልባቸው ነው።

ከተማው ውስጥ የኮሪደር ልማቱ ለብስክሌት ያሰመረው መስመር ያምራል፤ አይካድም። ቃሊቲ ስንደርስ ግን መስመሩም ወጉም አለቀ። ፈጣን መንገዱ ብስክሌት አያስገባም፤ የእኛ ዕጣ አሮጌው መንገድ ነው። ለፈጣን መንገድ መክፈል የማይሻው ሁሉ ደግሞ እዚያው ነው፤ ሲኖትራኩ፣ ተሳቢው፣ ቅጥቅጡ፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ጭድ የተጫነው አህያ። ለእኛ የተረፈው ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ አንድ ክንድ የምትሆን ነገር ናት፤ እሷንም ጠጠርና የፍየል መንጋ ይጋሩናል።

ዋናው ስሞታዬ እዚህ ጋ ነው። አቃቂን አለፍ እንዳልን አንድ አይሱዙ ከኋላዬ ጥሩምባውን ለቀቀብኝ፤ ልቤ ከቦታዋ ተነቃንቃ ተመለሰች። በጆሮዬ ጥግ አልፎ ወደ ጠጠሩ ገፋኝ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወደ ፊት ሄዶ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ጠበቀኝ። “አባቴ ምን ሆነው ነው? ይሳፈሩ እንጂ፤ ሳይክሏን ከላይ እጭናታለሁ፣ ገንዘብ አልፈልግም፣ ይመርቁኛል።” እኔን ሊጨፈልቀኝ የነበረው ሰውዬ እኮ ነው! “ለመሳፈር ሳይሆን ለመሄድ ነው የወጣሁት” አልኩት። አልገባውም። ወደ ልጆቹ ዞሮ “ምን በድለዋችሁ ነው እኚህን ሽማግሌ እንዲህ የምታንከራትቷቸው?” ብሎ ገሠጻቸው።

እሱ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበር። አዳማ እስክደርስ የሚኒባስ ረዳት “ይግቡ አባባ፣ በነፃ!” አለኝ፤ ባለጋሪ ቦታ ለቀቀልኝ፤ ሞጆ ላይ አንዲት ቡና አፍይ ገና ሳልወርድ ዱካ አስጠጋችልኝ። “ይቀመጡ አባባ!” እግዜር ይስጥልኝ፣ ጨዋ ሕዝብ ነው። ግን ልብ በሉልኝ፤ ይህ ሁሉ ደግ ሰው አዛውንት ተሸክሞ ለመሄድ ዝግጁ ነው፤ አንዲት ክንድ መንገድ ለመልቀቅ ግን ዝግጁ አይደለም። ተቀምጠህ ከሆነ ያከብርሃል፤ ስትንቀሳቀስ ካየህ ወይ ይገፋሃል ወይ ያዝንልሃል።

ወደ ዱከም ልመለስ። ዱከም ማለት ሥጋ ነው። ሉካንዳዎቹ በጠዋቱ ሰንጋውን ሰቅለው፣ ቢላውን ከሞረድ እያፋጩ፣ የጥብሱ ሽታ አስፋልቱን አቋርጦ እየመጣ፣ እኛ ዝም ብለን አለፍን! “ሆድ ይከብዳል አባባ” አሉኝ። እነሱ ከጥርስ ሳሙና የማይለይ ነገር ከላስቲክ እየጠቡ ነው የሚሄዱት። የእኔ ኪስ ውስጥ በሶ ነበር፤ አያት ቅድመ አያቶቻችን የዘመቱበት ስንቅ። አይተው ተሳሳቁ። ከሞጆ ወዲያ ላስቲኩ ሲያልቅባቸው ግን “አባባ፣ ያቺ በሶ አለች?” ማለት መጣ። ሰጠኋቸው፤ ሳልናገር ግን አልሰጠኋቸውም።

ሥጋውን የነፈገን መንገድ ጎማዬን አፈነዳው። የከባድ መኪና ጎማ ሲቀደድ ከውስጡ የሚረግፍ ቀጭን የብረት ክር አለ፤ በመንገዱ ዳር ተበትኖ ይጠብቃል። የልጅ ልጄ ጎማውን ከቸርኬው አላቆ፣ ከመነዳሪውን መዝዞ፣ የጣቱን ጫፍ በጎማው ውስጠኛ ወገን ቀስ ብሎ አዞረ፤ ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። “አገኘሁት!” አለና በጥርሱ ነክሶ መዘዘው። ዓይን የማያየው፣ ከፀጉር እምብዛም የማይወፍር ክር! እዚያው አጠገባችን ጎሚስታ ነበር፤ ንፋስ ሙላልን ብንለው የኮምፕረሰሩ አፍ ለቀጭኗ ቫልቮላ አልገጥም አለ። የሲኖትራክ ጎማ የሚሞላ ሰው የእኛን ጎማ በሁለት ጣቱ ይዞ “ይሄማ የእኔ ሥራ አይደለም” ብሎ መለሰልን። በእጅ መንፊያ እየተፈራረቅን ነፋን። ለእኔ ግን ተራ አልደረሰኝም። “ይቀመጡ አባባ!” ተብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ቢሾፍቱ ማኪያቶ ጠጣን። ሐይቆቿን እንዴት አየሃቸው የሚለኝ አለ፤ እኔ ያየሁት የፊተኛውን ጎማ ነው።

“አዳማ ድረስ ቁልቁል ነው” የሚለውን ወሬ የጀመረው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ሽማግሌ እልክበት ነበር። በካርታ እውነት ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ። ካርታው ያላለው ነገር ቁልቁሉ በአንድ ጊዜ እንደማይሰጥ ነው። ትንሽ ይሰጥና መልሶ ይቀበላል፤ ከሞጆ ወዲያማ የሰጠውን ከነወለዱ ያስመልሳል። ነፋሱን ደግሞ ማንም አላነሳልኝም። አዳማ አቅራቢያ ጋራው ላይ የቆሙት የነፋስ ማማዎች 136 ናቸው፤ በመጀመሪያው ዙር 34፣ በሁለተኛው 102፣ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት። መንግሥት ያንን ሁሉ ብረት ነፋስ በሌለበት ይተክላል? ምልክቱ ከሩቅ ቆሞ እየዞረ፣ ልጆቹ “ትንሽ ነፋስ ሊኖር ይችላል” ይሉኛል። ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ። ማርሽ ቀነስኩ፣ ደግሞ ቀነስኩ፤ የሚቀነስ አለቀ። ጉልበቴ ከዳኝ፣ እጄ ደነዘዘ፣ አንገቴ ሰማይ ማየት እምቢ አለ፤ ስለ መቀመጫዬ ባልናገር ይሻላል።

እዚያ ላይ የልጅ ልጄ ወደ ኋላ መጣ። ቆም እንበል፣ መኪና ልጥራ፣ ይቀመጡ ይለኛል ብዬ ንግግሬን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ከፊቴ ገባና “ጎማዬን ብቻ ይዩ፤ አይራቁ” አለኝ። ለካ ከፊት ያለው ነፋሱን ሲሰብር፣ ከኋላው የተጠጋ ሰው ከድካሙ ሩብ ያህሉ፣ አንዳንዴም ሲሶው ይቀርለታል። አዝዬው ያሳደግኩት ልጅ ጀርባ ኋላ ተጠግቼ ሄድኩ። ፔዳሉን ግን የመታሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ሳያስቀምጠኝ የረዳኝ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በእሱ ላይ ያለኝን ስሞታ ልቀንስ ብዬ ነበር። አዳማ ስንገባ ግን መልሶ ጨመረው።

አዳማ ገባን፤ ደረስን፤ ወረድኩ። ልጆቹ መሪው ላይ ያሰሯትን ትንሽ ሰዓት አዩና ተያዩ። 98 ኪሎ ሜትር ትላለች። “አባባ፣ 100 ሳይሞላ አይወረድም።” ማነው ያለው? ሕገ መንግሥቱ ነው? ሙሴ ላይ የወረደው ጽላት ነው? መልሰው ሰቀሉኝና አስፋልቱን ስንዞር፣ ባለባጃጆቹ መንገድ የጠፋን መስሏቸው በየተራ አቅጣጫ ያሳዩናል። የቁጥር አምልኮ ይሉሃል ይሄ ነው። ስትሞላ ጮኹ፤ አንደኛው የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ይዞ ይነቀንቅ ጀመር። ጉልበት አለኝ ብዬ አላሰብኩም፤ ሸሸሁ። ኤርትራዊው ብስክሌተኛ ቢንያም ግርማይ በ2022 እ.ኤ.አ. የጣሊያኑን ጂሮ አንድ ዙር ሲያሸንፍ፣ መድረክ ላይ የከፈተው የወይን ጠርሙስ ቡሽ ዓይኑን መትቶት በማግስቱ ከውድድሩ ወጥቷል። በዚያ ሁሉ ጋራ ያልተነካ ሰው በክብሩ ተጎዳ። እኔም ከሲኖትራክ ተርፌ በአምቦ ውሃ አልሞትም።

በሚኒባስ ተመለስን፤ በሕጋዊ መንገድ ተቀምጬ። ባለቤቴ ደረጃውን ወደ ጎን ስወጣ አይታ “ለንስሐ አባትህ ንገራቸው” አለች። ጎረቤቴም ሰላም ሊለኝ መጥቶ ተሰብሬ ለማየት እንደቸኮለ ያስታውቅበታል፤ አልተሰበርኩም፤ ቅር ብሎት ቡናውን ጠጥቶ ሄደ።

እንግዲህ ሽማግሌ ስሞታውን ሳይመርቅ አይዘጋምና እጃችሁን ዘርጉ። ጥሩምባውን ያብርድላችሁ፤ የብረት ክሩን ከጎማችሁ ያርቅላችሁ። ቁልቁል ነው የሚል ወዳጅ አይጣልባችሁ። ዱከምን ቆማችሁ እንድታልፉ ያድርጋችሁ። ስታረጁ ወንበር የሚያስጠጋላችሁ ብቻ ሳይሆን ነፋስ የሚሰብርላችሁ ልጅ ይስጣችሁ። ኮርቻውን የሠራውን ሰው ደግሞ እዚያው ላይ ያስቀምጠው። አሜን በሉ!