ግንቡ ምን አጠፋ?

እ.ኤ.አ. በ1941 አሜሪካ፣ ዲትሮይት ውስጥ አንድ ቤት ሠርቶ ሻጭ ለነጮች መንደር ሊቆረቁር ተነሣ። የፌዴራሉ የቤቶች አስተዳደር ግን ለብድሩ ዋስ አልሆንም አለ፤ ቦታው ከጥቁሮች ሰፈር ይዋሰናላ! ሰውየው ግን ብልኀት አላጣም። ቁመቱ 1.8 ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ 800 ሜትር የሚሆን የኮንክሪት ግንብ መሐል ላይ ገተረና ዋስትናውን አገኘ። ጥቁረት የሚጋባ በሽታ ቢሆን እንኳ 1.8 ሜትር ምን ያህል ያግደዋል ብሎ የጠየቀ ያለ አይመስልም። ፋይሉ ተሟልቷላ!

ደግሞ ክፉ ሰው ፍለጋ እንዳትደክሙ። ሹሙ መመሪያ አስከበረ። ባንኩ የጥቁሮችን ሰፈር በካርታ ላይ ለብድር አስጊ ተብሎ ቀይ ሆኖ አገኘው እንጂ ቀለሙን እሱ አልቀባም። ደላላው ደንበኛውን አከበረ። ጎረቤትም ቢሆን የሰው ቆዳ ጉዳዩ አይደለም፤ የቤቱ ዋጋ እንዳይወርድበት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ የጨዋ ጉባኤ ከየት ይገኛል?

ርኅራኄያቸውም በጽሑፍ የሰፈረ ነው። የብዙ ቤቶች ውል ከነጭ በቀር ማንም እንዳይኖርበት ይከለክልና፣ ወረድ ብሎ የቤት ሠራተኛን ይፈቅዳል። ድስት የሚጥድ፣ ልጅ የሚያሳድግ ጥቁር ዋጋ አያወርድም፤ የሚያወርደው የቤቱ ካርታ በስሙ ሲሆን ነው።

በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙ ወሰነ፤ በ1968 አድልዎው ራሱ በሕግ ተከለከለ። የክልከላውን ቃል ከአሮጌ ውል ላይ ለማሰረዝ ግን በብዙ ቦታ ዛሬም ባለቤቱ ቅጽ ሞልቶ ማመልከት አለበት። መዝገብ ቤት በሰው ንብረት ላይ ዝም ብሎ እጁን አያስገባማ!