«ግሩቪ» ከማለትዎ በፊት

ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጋር ተቀምጠው ሙዚቃው ደስ ቢልዎትና «ግሩቪ!» ሊሉ ቢቃጣዎት፣ እባክዎ ቃሉን ዋጥ አድርገው በቅድሚያ የሰውየውን ዘመን ያጣሩ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ይቁጠሩልኝ።)

ሰውየው የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዛዊ ከሆነ በፍጹም አይሞክሩት፤ ከሆነም ከቃሉ በፊት ሌላ የሚያሳስብዎት ነገር ይኖራል። ግሩቭ ማለት ፈር ነው። በዚያ ዘመን «ግሩቪ» የሚባለው ከለመዳት ፈር ንቅንቅ የማይል፣ አዲስ ነገር የማይዋጥለት ሰው ነበር። አመሰገንኩ ብለው ሰድበውት ያርፋሉ።

የ1930ዎቹ የጃዝ ሰው ከሆነ ግን ያለ ስጋት ይበሉት። ሸክላው ሲሽከረከር መርፌው ከዳር ተነሥቶ ወደ መሀል የሚጓዘው እንደ ፀጉር በቀጠነች አንዲት ፈር ውስጥ ነው፤ ፈሯን ከሳተ ሸክላውን ይቧጭራል፣ ዘፈኑም ይዘላል። አሜሪካውያኑ የጃዝ ተጫዋቾች አሳምሮ የሚጫወተውን «ፈሩን ይዟል» ማለት የጀመሩት ከዚህ ተነሥተው ነው ይባላል፤ «ግሩቪ»ም በዚያው ተሞገሰ። ፈሩ ያው ፈር ነው። እኔን ከጠየቁኝ፣ ስሙን ያደሰለት ሙዚቃው ነው።

በ1966 ወጣት ለነበረ ሰውም ደግመው ደጋግመው ይበሉት። ያን ዓመት ትሮግስ የተባለው ባንድ በ«ዋይልድ ቲንግ»፣ ዘፋኞቹ ሳይመንና ጋርፈንከል ደግሞ በኒውዮርኩ የ59ኛው ጎዳና ድልድይ ስም በሰየሙት ዘፈን ቃሉን አዳረሱት። መዘዙም የመጣው ከዚያ ነው፤ አባትና ማስታወቂያ ነጋሪ አፋቸው ላይ ያዋሉትን ቃል ልጅ አይነካውም።

ከዚያ ወዲህ ለተወለደ ሰው ሲናገሩ ፊትዎ ላይ ፈገግታ እንዳይጠፋ፤ አለዚያ የምርዎን ይመስለዋል። በ1997 በወጣው «ኦስቲን ፓወርስ» ፊልም፣ በ1967 በበረዶ ደርቆ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የነቃው ሰላይ የጥንት ቃላቱን በሙሉ ልብ ሲናገር ተመልካቹ ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው።

ከፕሮግራመር ጋር ከሆኑስ? በ2003 ስለተጀመረው፣ በጃቫ ማሽን ላይ ስለሚሠራው ግሩቪ ስለሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የሚያወሩ ይመስለውና የትኛውን ስሪት እንደሚጠቀሙ ይጠይቅዎታል። ይኼኔ ሻይ ልዘዝ ብለው ይነሡ።