በተማሪዎች ጥልፍ ጀርባ ስለሚገኙ ሁለት እጆች የቀረበ ሐተታ

በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ጥልፍ የሚማሩ ልጃገረዶች ለማርክ የሚያቀርቡት የትራስ ልብስ፣ ሁለት ርግቦች አፍ ለአፍ ገጥመው ከበላያቸው «መልካም እንቅልፍ» የተጻፈበት ያ የታወቀ ሥራ፣ ከብራና መጻሕፍት ባላነሰ የደራሲው ማንነት የሚያከራክር ሆኖ ሳለ፣ እስከ ዛሬ ከሊቃውንት ወገን መርማሪ አለማግኘቱ እጅግ የሚያሳዝን ነው።

የጥበቡ ጥንታዊነት አያጠያይቅም። ከዳን ነገድ የተወለደው ኤልያብ ለደብተራ ኦሪት ሰማያዊና ሐምራዊ ግምጃ ይጠልፍ እንደ ነበር ኦሪት ዘጸአት ይመሰክራል፤ ስለ ኤልያብ እናት ግን አንዳች አያነሣም፤ ይህም ዝምታ ለተመራማሪ ብዙ የሚናገር ነው።

የጥልፍ ፊት ለእንግዳ የተዘጋጀ ስለ ሆነ ምስክርነቱ አይታመንም። ስለዚህ መምህርቷ ጨርቁን ተቀብላ አስቀድማ የምትገለብጠው በከንቱ አይደለም፤ በጀርባው ሁለት እጆች ተለይተው ይታወቃሉና። ቀዳማዊው እጅ፣ በመርፌ ቀዳዳ ክር ደጋግሞ ማስገባት ስለሚታክተው፣ አንድ ክንድ ይበቃል የተባለውን ክር ሦስት ክንድ አድርጎ ይቆርጣል፤ ስድስት ቀጫጭን ክሮች የተገመዱበትን የጥልፍ ክር ሁለት ሁለቱን ለይቶ መጥለፍ ሲገባው እንዳለ ያስገባዋል፤ መነሻውን ሽምብራ በሚያህል ቋጠሮ ያጸናል፤ ከቅጠል ወደ ቅጠልም ክሩን ሳይበጥስ በጀርባ በኩል አቋርጦ ይሻገራል። ካልዓዊው እጅ ቋጠሮ አያውቅም፤ የክሩን ጫፍ ቀድሞ በተጠለፈው ሥር አሳልፎ ይሰውረዋል። ይህ እጅ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛዋ ርግብ አንገት ይጀምራል፤ ዘመኑም ሥራው ከሚሰበሰብበት ቀን በፊት ያለው ሌሊት ነው። አክስት ናት የሚሉ አሉ፤ ጎረቤት ናት የሚሉም አልጠፉም፤ እኔ ግን ወደ እናትየው አደላለሁ።

የዘዴያችንን ትክክለኛነት የባሕር ማዶው ታሪክም ያጸናልናል። በፈረንሳይ አገር በባዮ ከተማ የሚጠበቀው፣ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተልባ እግር ጨርቅ ላይ በሱፍ ክር የተጠለፈው፣ ርዝመቱ ወደ 70 ሜትር የሚደርሰው ታላቅ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1983 ጀርባው ሲመረመር ቀለሙ ከፊቱ ይልቅ ደምቆ ተገኝቷል። ደግሞም የመጀመሪያውና የሁለተኛው ቁራጭ በተጋጠሙበት ስፍራ የጠርዙ መስመር ሳይገናኝ ቀርቷል፤ እንዲህ ያለው ነገር ከእኛ መምህራን ፊት ቢቀርብ «ተርትሪው!» ተብሎ ወዲያው በተመለሰ ነበር።

መምህርቷ ሁለተኛውን እጅ እያወቀች ስለ ምን ዝም ትላለች ቢሉ፣ እርሷም በጊዜዋ እናት ነበረቻት። ማርኩ እንደ ሕጉ በተማሪዋ ስም ይመዘገባል። ልጅቱ ከአሥር ስምንት ማግኘቷን ለእናቷ ስትነግር የምትሰማው መልስ ግን ክርክሩን ሁሉ የሚቈርጥ ነው፤ «ሁለቱን ምን አጥፍቼ ነው የቀነሰችብኝ?»